የመመለሻ ቀን

ጓንቶቹ ጥንድ ነበሩ።

ይህን ያየችው ሻንጣው ተሞልቶ፣ ዚፑ ተስቦ፣ ቁልፉም ተቆልፎ ካበቃ በኋላ ነው። ጠረጴዛውን አጽድታ ወለሉን ልትጠርግ ስታጎነብስ፣ ቀን ላይ የሻንጣው ባለቤት እናት በሾፌር ከላኩት ከረጢት የወደቀ ባዶ ማሸጊያ ከወንበሩ ሥር አገኘች። ማሸጊያው ላይ የሁለት እጅ ሥዕል አለ፤ ቀኝና ግራ። መጥረጊያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

የጎልፍ ጓንት አንድ እጅ ነው። በቀኙ የሚመታ ሰው ግራ እጁ ላይ ብቻ ያጠልቃል፤ ቀኙ ባዶውን ይውላል። ይህ ጥንድ ሆኖ የተሸጠው ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ሱፍ የለበሰ፣ ጣት ለሚያደርቅ ብርድ የተሠራ። እሷ ደግሞ በገዛ እጇ አራት ጥንድ ከሻንጣው የጎን ኪስ ውስጥ ጠቅጥቃ አስገብታለች። ሐሳቧ ሌላ ጋ ስለነበር እጇ ሲሠራ ዓይኗ አላየም።

ልጁ የሚሄድበት አገር አሁን ሙቀት ነው። "ላብ በላብ ነው የምሆነው፤ ጓንት ይበሰብስብኛል" ብሎ ስድስት ስስ የግራ እጅ ጓንት ለአሥር ቀን አዟት ነበር። ብርዱ እዚያ የሚገባው ከአምስት ወር በኋላ ነው። በአሥር ቀን የሚመለስ ሰው ከአምስት ወር በኋላ የሚመጣ ብርድ ምን አስጨነቀው?

"ምን ጠፋብሽ ልጄ?" አላት አባቷ ከመስኮቱ ሥር።

"ምንም አባዬ።"

አባቷ ሠላሳ ዓመት በዚህ የጎልፍ ክበብ ዱላ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሥራውን እሷ ያዘች፤ እሱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ በአፉ ይሠራል። በክበቡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ "ማስቲሽ" ነው የሚሏት። ቀኑን ሙሉ ያረጀ የዱላ እጀታ ስትገፍና አዲስ ጎማ ስትለጥፍ ስለምትውል ጣቶቿ ሁሌም ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታሉ።

ሻንጣው የቀጭኑ ነው። የጭነት መኪኖች ባለቤት ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ "ከሚይዘው ዱላ ይቀጥናል" ብለው ያወጡለት ስም እስከ ሃያ ስምንት ዓመቱ ተከተለው። ነገ ማለዳ ከአባቱ ሸሪኮች ጋር ለጎልፍ ውጭ አገር ይሄዳል። አሥር ቀን ነው ያላት።

በክበቡ አንድ ደንብ አለ። ለጉዞ ለሚታሸግ ሻንጣ ሁሉ ካርድ ይሞላለታል። ስንት ዱላ፣ ስንት ኳስ፣ የየትኛው ዱላ ራስ ተፈትቶ ለብቻው እንደተጠቀለለ፣ ሁሉም ይጻፋል። ከግርጌው "የመመለሻ ቀን" የሚል ቦታ አለ፤ ሻንጣው በተመለሰ ማግስት ከካርዱ ጋር ይመሳከርና ዕቃው ታጥቦ ከመደርደሪያው ይገባል። ያሸገው ይጽፋል፣ ባለቤቱ ይፈርማል።

ፍቅራቸው የተጀመረው በዚሁ ካርድ ጀርባ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ውድድር ስታሽግለት "የሰባት ቁጥሩ አንገት ስንጥቅ አለው፤ በኃይል አትምታበት" ብላ ጻፈችለት። ሻንጣው ሲመለስ ከሥሩ "እሺ" የሚል አገኘች። በሚቀጥለው "ዝናብ ነው ይባላል፤ ራስህን ጠብቅ" አለችው። "እሺ፤ አንቺም" ብሎ መለሰ። "አንቺም" የምትለዋን ቃል አንድ ሳምንት ሙሉ እያወጣች እያገባች ስታያት ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ እሷ ካርዱን ጀርባውን እስኪሞላ ትጽፋለች፤ እሱ በአንዲት ቃል ይመልሳል። ያቺ ቃል ትበቃታለች። በአባላት ፊት ሲተላለፉም ዓይኑን ለአፍታ ጣል ያደርግባታል፤ እሷም ያቺን አፍታ ይዛ ቤቷ ትገባለች።

ባለፈው ዓርብ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ፣ "ከዚህ ጉዞ ስመለስ ለቤተሰቤ እናገራለሁ። ከዚያ አባትሽ ጋ እመጣለሁ" አላት። እሷም ሆዷ አልችል ብሎ ትናንት ማታ ለአባቷ ነገረችው። 

"ልጁ ክፉ አይደለም" አላት አባቷ። "ግን ሲመታ ኳሱን አያይም። ማን አየኝ እያለ ዙሪያውን ነው የሚያየው። እንዲህ ያለ ሰው ኳሱ የት እንዳረፈ ሰው ነው የሚነግረው።"

ተቆጥታ ነበር። አሁን ባዶውን ማሸጊያ ይዛ ስትቆም ግን ዛሬ ጠዋት የሆነው ትዝ አላት። ካርዱን ሞልታ፣ የመመለሻውን ቀን ደግሞ በደስታ ከሌላው ጽሑፍ አጉልታ ጽፋ ሰጠችው። ብዕሩን ይዞ ትንሽ ቆየ። እሷን እያየ የዘገየ መስሏት ደስ አላት። ከዚያ ፈረመ።

"እናቱ ይሆናሉ የጨመሩት" አለች ድምፅዋን አውጥታ። "እናት እኮ ናት፤ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ታስይዛለች።"

 አባቷ ሰው ራሱን ሲያጽናና ጣልቃ መግባት አይወድም።

አሥር ሰዓት ላይ እናቱ ራሳቸው መጡ። ሾፌሩ መኪናውን ከመስኮቱ ፊት ለፊት አቆመና እሳቸው የመድኃኒት ከረጢት ታቅፈው ገቡ። ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"ዘጋሽው እንዴ ልጄ?"

"ዘግቼው ነበር እትዬ። ግን ይከፈታል፤ ምን ችግር አለው።"

"ይቺን አስገቢልኝ። ይሄ ለራስ ምታት፣ ይሄ ለትኩሳት፣ ይሄ ለሆድ። ይሄ ደግሞ የቁስል ነው።" አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። "ሰዉ ይስቅብኛል። ሰው ሲሄድ ሌላው መድረሱን ያስባል፤ እኔ መንገዱን ነው የማስበው። አውሮፕላኑ፣ ምግቡ፣ ውሃው። ቢታመም ማን ያውቅለታል? እሱ እንደሆነ ጣቱ ተቆርጦ ቢወድቅ ዝም የሚል ልጅ ነው።"

ማስቲሽ ሻንጣውን ከፈተች። ጠርሙሶቹን እንዳይሰበሩ በካልሲ እየጠቀለለች ከዱላዎቹ መሃል አስገባች። 

"ጓንቶቹ ወፍራም ናቸው መሰለኝ እትዬ" አለች ቀና ሳትል። "እዚያ አሁን ሙቀት ነው ይባላል።"

"አሁንማ ሙቀት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ይሆናል እንዴ? ብርዱ ሲገባ ማን ይገዛለታል?"

"ዓመት?"

"አልነገረሽም?" አሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ እያሉ። "መች ይናገራል እሱ። እዚያ ጎልፍ የሚያስተምሩበት ቦታ ገብቷል። ደግሞም ከአባቱ ሸሪክ ዘንድ ሥራ ይለምዳል። እነሱ ዓመት ይላሉ። እኔ ግን ሦስት ነው የምለው። የሄደ ልጅ መቼ በቀጠሮው ተመልሶ ያውቃል?"

አባቷ ከመስኮቱ ሥር ጉሮሮውን ጠረገ። የያዘችውን ካልሲ ሦስት ጊዜ ጠቀለለችው።

"እኔ እንዳይሄድ ያላደረግኩት የለም" አሉ እናቱ፣ ለማን እንደሚያወሩ እንኳ ያሰቡ አይመስሉም። "ባለፈው እሑድ ለብቻው አስቀምጬ፣ 'ልጄ፣ ሰው አለህ ወይ?' አልኩት። 'ካለህ ንገረኝ። የማንም ልጅ ትሁን፣ ምንም አይኑራት፣ አባትህን ለእኔ ተወው' አልኩት። እውነቴን ነው፤ በእጄ ይዤ ነበር የማስገባት። ሚስት ያለችው ልጅ አገር ጥሎ አይሄድማ።"

"ምን አለዎት?"

"'የለኝም እማዬ' አለኝ። 'እዚህ የሚያቆየኝ ሰው የለም' አለኝ። እንግዲህ ምን ልበል?"

ዓርብ ቃል ገባላት። እሑድ የለችም አለ። በመሃል አንድ ቀን ብቻ ነው ያደረው።

እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ግንብ ከፊቷ ሲቆም ይታያት ነበር፤ የመኪኖቹ፣ የግቢው፣ የዚህች ሴትዮ ግንብ። አሁን ሴትዮዋ ከፊቷ ተቀምጠው እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ያንን ግንብ አፍርሼው ነበር ይሏታል። "እኔ ነኝ እትዬ" ብትል ሻንጣው አሁኑኑ ይፈታል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነው። 

ከራሱ አፍ ልስማው አለች በልቧ። እናቱ የተሳሳቱት ነገር ይኖራል። ልጁ የፈራበት ነገር ይኖራል። በዚያች በመጨረሻዋ ቀጭን ተስፋ ተንጠልጥላ ዚፑን ዘጋች።

"እሱ ጓደኞቹን ተሰናብቶ አሁን ይመጣል" አሉ እናቱ እየተነሱ። "መኪና ውስጥ ልጠብቀው። ተባረኪ ልጄ።"

ፈገግ ልትልላቸው ፈለገች። ከንፈሯ አልታዘዝ አላት።

ቀጭኑ ሲገባ አባቷ "ውሃ ልጠጣ" ብሎ ቀስ እያለ ወጣ። ውሃው እዚሁ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ።

"ማስቲሽዬ፣ አለቀ?"

"አለቀ። እናትህ መድኃኒት ጨምረውበታል።"

"እሷ ቢሆንላት ሐኪሙንም ታሳሽግልኝ ነበር" ብሎ ሳቀ።

"የብርድ ጓንትም አለ። አራት ጥንድ።"

ሳቁ ከንፈሩ ላይ ቀረ፤ ከዓይኑ ላይ ግን ጠፋ። ሁለቱም ሻንጣውን አዩት፣ መሃላቸው የተኛ ሰው ይመስል።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"መቼ?"

"እዚያ ስደርስ። እጽፍልሽ ነበር።"

ካርዱን ከሻንጣው የውጭ ኪስ አወጣችና ፊቱ አኖረችው። "ይህ ፊርማ የማን ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"ከላዩ ያለው ቀንስ?"

"አንቺ ነሽ ጽፈሽ የሰጠሽኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደስ ብሎሽ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎሽ እያየሁ ምን ልበል?"

"'ልክ አይደለም' ትላለህ። ሁለት ቃል ነው።"

"አልቻልኩም።"

ይህን ሲል ፊቱ የእውነት አዝኖ ነበር። የጎዳትም ይህ ነው። አሁንም ቢዋሻት ትጠላው ነበር። እሱ ግን እንደ ሕፃን ከልቡ አዝኖ ነው የቆመው፤ ያሳዘነው ሌላ ሰው እንጂ እሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

"እናትህ 'ሰው አለህ ወይ' ብለውህ ነበር" አለችው።

ፊቱ አመድ መሰለ። ፈጥኖ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ እናቱ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርገው፣ ራሳቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ይሰሙታል።

"ነገርሻት?" አለ በሹክሹክታ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ቃሉ ብዙ ነገር ማንበብ ለምዳ ነበር። ይህችን ለማንበብ ግን አልተቸገረችም።

"አልነገርኳቸውም።"

ትንፋሹን ለቀቀው። ሲለቀው ሰማችው። ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ የመዘነችው በዚያ ትንፋሽ ነው።

"አባቴን አታውቂውም" አለ። "እናቴ እንዲህ ትላለች እንጂ ነገሩ ቀላል አይደለም። ቤቱ ይናጋል። ስትመጪ ደግሞ እንዴት እንደሚያዩሽ አስቢው። እኔ ላንቺው ብዬ ነው።"

"ዓርብ ዕለትስ ለማን ብለህ ነው?"

"ዓርብ የነገርኩሽ እውነቴን ነው።"

"እሑድስ?"

ዓይኑን ወደ ሻንጣው መለሰ።

"እሑድም እውነትህን ነው" አለችለት እሷው። "እናትህ ፊት ስትሆን የእናትህ እውነት ነው፣ እኔ ፊት ስትሆን የእኔ። ያንተን ግን ሰምቼው አላውቅም።"

"እወድሻለሁ። ይህንን አትጠራጠሪ።"

"አልጠራጠርም። እዚህ ክፍል ውስጥ ትወደኛለህ። እዚያ መኪናው ጋ ስንደርስ ግን ዕቃ ያሸገችልህ ልጅ ነኝ።"

እጇን ሊይዝ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ። አልሸሸችውም። ሁለት ዓመት የናፈቀችው እጅ ነው፤ ሙቀቱ ያው ነው፣ ጫናውም ያው ነው። ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያች አፍታ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ነበር። ለዚህም ራሷን ጠላችው።

"እጽፍልሻለሁ" አላት። "በየሳምንቱ።"

እጇን ቀስ ብላ አወጣች።

"አንተ አትጽፍም" አለችው። "ሁሌም እኔ ነኝ የምጽፈው። አንተ ትፈርማለህ።"

አዲስ ካርድ ሳበች። ዱላውን፣ ኳሱን፣ ጓንቱን ምንም ሳትጽፍ የመመለሻ ቀን የሚለውን ቦታ በጣቷ አሳየችውና ብዕሩን ሰጠችው።

"ዛሬ አንተ ጻፈው። ዓመትም ይሁን፣ ሦስት ዓመትም ይሁን። እኔ እጠብቃለሁ። እኔ እንደሆንኩ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አያቅተኝም። ብቻ በገዛ እጅህ ጻፈው፤ ከዚያ መኪናው ድረስ አብረን እንሂድና እናትህ እጅ ላይ አኑረው።"

ብዕሩን ያዘ። አጎነበሰ። የብዕሩ ጫፍ ካርዱ ላይ አርፎ ትንሽ የቀለም ነጥብ ወጣ። ነጥቡ እየሰፋ ሲሄድ አየችው። ጻፍ፣ ጻፍ፣ አለች በሆዷ፤ የውሸት ቀንም ቢሆን ጻፍ።

ውጭ ሾፌሩ አንድ ጊዜ ጥሩንባ ነፋ።

ቀጭኑ ብዕሩን ካርዱ ላይ አጋደመው። "እናቴ እየጠበቀች ነው" አለ።

ያን ጊዜ በውስጧ የሆነ ነገር ድምፅ ሳያሰማ ተቀመጠ። ማልቀስ እንኳ አላሰኛትም። ከሁለት ዓመት መንገድ በኋላ ዕቃዋን መሬት ያወረደች ሰው ድካም ብቻ ተሰማት።

ሻንጣውን አንድ ጫፉን እሱ፣ አንድ ጫፉን እሷ ይዘው ወጡ። ከባድ ነው። ሾፌሩ የኋላውን ከፍቶ ተቀበላቸው። አባቷ ከመኪናው ትንሽ ራቅ ብሎ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

እናቱ በመስኮቱ ብቅ ብለው እጇን ያዙ። ለስላሳና ቀዝቃዛ እጅ ነው። ፊቷን ትኩር ብለው አዩት።

"ምነው ልጄ፣ ዓይንሽ ቀላ?"

እሷ ቀጭኑን አየችው። እሱ የሻንጣውን ማሰሪያ ያጠብቃል፤ የጠበቀውን ማሰሪያ።

"ማስቲሹ ነው እትዬ። ሲበዛ ያቃጥላል።"

"አይ ልጄ፣ ዓይንሽን ጠብቂ እንጂ። ነገ ዓይን ቢጠፋ ይገዛል? መስኮት እየከፈትሽ ሥሪ።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ደህና ሁኚ በላት እንጂ አንተ ልጅ። ስንት ዓመት ዕቃህን የያዘች ልጅ።"

ቀጭኑ መጣና እጁን ዘረጋላት። ዓይኖቻቸው ተገናኙ። ሁለት ዓመት የኖረችበት ዓይን እዚያው አለ፤ ይለምናታል፣ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ እንዳትናገር ደግሞ ይማጸናታል።

"በጣም አመሰግናለሁ" አላት፣ ማንም ደንበኛ እንደሚላት።

"መልካም ጉዞ" አለችው።

መኪናው የክበቡን ሣር ዞሮ ከዛፎቹ ጀርባ ጠፋ። አቧራው እስኪያርፍ አልተንቀሳቀሰችም።

ወደ ክፍሉ ስትመለስ አባቷ ኮቱን ለብሶ ቆሞ ነበር።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

"ነገርሻቸው?"

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

"እኔ ልነግራቸው ነበር የወጣሁት" አለ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። "መኪናው ድረስ ሄጄ ቆምኩ። 'ደህና ነዎት አባት? ጤናዎት እንዴት ነው?' አሉኝ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሉኝ የኖሩ ሴትዮ ናቸው። 'ደህና ነኝ እትዬ' ብዬ ተመለስኩ።" እጁን ኪሱ ከተተ። "አፌ እምቢ አለኝ ልጄ።"

"ተወው አባዬ።"

"አባት ሆኜ።"

"ተወው አልኩህ እኮ። የእኔም እምቢ አለኝ።"

ፀሐይዋ ጠለቀች። ሜዳው ላይ የውሃ መርጫዎቹ መዞር ጀመሩ። አባቷ ባርኔጣውን አደረገ፣ ከደጃፉም ወጥቶ ጠበቃት። እሷ ግን በሩን ገርበብ አድርጋ እዚያው ቆመች።

"እንሂድ እንጂ ልጄ።"

"ትንሽ ቆይ።"

ለጉዞ የሚነሳ ሰው አንድ ነገር ረስቶ ሳይመለስ አይቀርም፤ ሥራዋ ያስተማራት ይህንን ነው። አንዱ ኮፍያ ይረሳል፣ አንዱ ጫማ፤ ከመንገድ ዞሮ እያለከለከ ይመጣል። ስለዚህ የጉዞ ዋዜማ በሩን ቶሎ አትዘጋም። ዘበኛው የክበቡን መብራቶች አንድ በአንድ እያጠፋ ሲያልፍ አያት።

"ማስቲሽ፣ ዛሬ እዚሁ ልታድሪ ነው?"

"የረሳ ሰው ቢመጣ ብዬ ነው።"

"ማን ምን ረሳ?"

 ከመንገዱ ማዶ የመኪና መብራት ታየ። ልቧ ተነሣ። መብራቱ ቀረበ፣ ዛፎቹን ነካካ፣ ከዚያ ሳይታጠፍ አለፈ። ሌላም መጣ። እሱም አለፈ።

አሥራ አራት ዱላ፣ ሠላሳ ስድስት ኳስ፣ ጓንት፣ ሁለት ጫማ፣ ፎጣ፣ የዝናብ ልብስ፣ መድኃኒት። በልቧ ከላይ እስከ ታች ቆጠረችው፣ ከታች ወደ ላይም ደገመችው። የጎደለ ነገር አልነበረም። እሷው ናት ምንም ሳይቀር አሟልታ ያሸገችለት። ሊመልሰው የሚችል ነገር እዚህ አልቀረም።

በሩን ሳበችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።